ድሬ ላይ ቢራ ቶሎ ያረጃል

ድሬ ዳዋ ውስጥ ቢራ የሚወድ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ "ሐረር ወጥቼ የጠጣሁት ሐረር ቢራና እዚህ ከዚራ ቁጭ ብዬ የምጠጣው አንድ አይደለም" ይላል። ሌላው "አቦ ተወው! ፋብሪካው አንድ፣ ጠርሙሱ አንድ፣ ምኑ ነው የሚለየው?" ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ይነሳና ነገሩን ፋብሪካው ከተሸጠበት ጊዜ ጋር ያያይዘዋል። አራተኛው ውሃውን ይከስሳል። ከዚያ ወዲያ መደማመጥ የለም፤ ድምፁ ከፍ ያለለት አሸነፈ ይባላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ በሚቀጥለው እሑድ ከዜሮ ይጀመራል።

እኔ ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ሰው የሚጠጣውን ነገር ከልቡ ሲቀምስና ሲከራከርበት ደስ ይለኛል። ግን ቁም ነገሩ ሁልጊዜ ይዘለላል ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ በጽሑፍ ያመጣሁት። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በዚህች ከተማ የአንድን ቢራ ጣዕም ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የት አረፈ፣ ስንት ጊዜስ ቆየ የሚለው ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእኛ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው የሚኒባሱን መስኮት ሲከፍት ሌላ አየር ይቀበለዋል፤ አዴሌን፣ ሐረማያን፣ አወዳይን አልፎ ሐረር ሲገባ ማታ ሹራብ ሊያስፈልገው ይችላል። እዚህ ግን በግንቦትና በሰኔ ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ሲደርስ የሚደነግጥ የለም። ቢራውም እንደኛ ይህንኑ አየር ነው የሚኖረው። ልዩነቱ እሱ ጥላ ፈልጎ መሄድ አለመቻሉ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እናንሳ፣ ምክንያቱም የሐረር ልጆች ትልቁ ኩራት እሱ ነው። እውነት አላቸው፤ ቢራ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ሐረርን ሲያጠጣ ኖሮ በ1990ዎቹ ደረቀ። ያንን ጊዜ የኖረ ሰው የውሃ ነገር ሲነሳ ድምፁ ቢለወጥ አይፈረድበትም። ሐይቁ ባለፉት ዓመታት መልሶ ውሃ መያዙን ሳይ እኔም እንደማንም ተደስቻለሁ። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ግን ለሐረር ከተማ ውሃ የተገኘው እዚሁ በድሬ ዳዋ በኩል ካለው ቆላ ነው፤ ከጉድጓድ ወጥቶ በፓምፕ ያንን ሁሉ ዳገት ይወጣል። ማንኛውም ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ውሃን እንዳገኘው አይጠምቅበትም። ያጣራዋል፣ ማዕድኑን ያስተካክለዋል። ከሁሉም በላይ ክርክራችንን እናስታውስ፦ ጥያቄያችን ሐረር የተጠጣውና ድሬ የተጠጣው ለምን ተለያየ የሚል ነው። በሁለቱም ጠርሙስ ያለው ውሃ አንድ ከሆነ መልሱ ውሃ ሊሆን አይችልም።

የባለቤትነቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ፋብሪካው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንዱ ሄኒከን እሱንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካ፣ ሁለቱን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። ከዚያ በፊት የተጠመቀ ጠርሙስ ለማነጻጸሪያ በእጁ ያለው ሰው የለም፤ ቢኖረውም ያንን ያህል ዓመት የቆየ ቢራ ምንም አይነግረንም። የወጣትነት ቢራ ለሁሉም ይጣፍጣል፣ እሱን አልከራከርም። ግን የሐረሩም የድሬውም ጠርሙስ ከአንድ እጅ ነው የወጣው።

አሁን ወደ ሙቀቱ።

ቢራ ሲታሸግ ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ ጥቂት ኦክሲጅን ይቀርበታል። ያ ኦክሲጅን ቀስ በቀስ ከቢራው ጋር ይዋሐዳል፤ መጀመሪያ የጌሾው (የፋብሪካ ቢራ ጌሾ ሆፕ የሚባለው ነው፣ የጠላው ጌሾ አይደለም) መዓዛ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ማር ማር ወይም ዳቦ ዳቦ የሚል ጣፋጭነት ይመጣል፣ በመጨረሻ እርጥብ ካርቶን የሚሉት ጣዕም ይቀመጣል። ለዚህኛው ጣዕም ተጠያቂ ከሆኑት አንዱን ኬሚስቶች ትራንስ-2-ኖኔናል ይሉታል፤ ምላስ በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። በውጭ አገር ጠማቂዎች ዘንድ የሚነገር ግምታዊ ሒሳብ አለ፦ ቢራ በ32 ዲግሪ ለ3 ቀን ሲቀመጥ የሚደርስበት እርጅና፣ በ22 ዲግሪ ለ30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ለ300 ቀን ከሚደርስበት ጋር ይቀራረባል። ሕግ አይደለም፣ ግምት ነው። ግን አንድ ጊዜ ከሰማችሁት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ሳጥን ስታዩ ልባችሁ አይችልም። በእኛ ሙቀት 3 ቀን ማለት ከዓርብ እስከ እሑድ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ መልስ አለ፦ "ፓስቸራይዝድ አይደለም እንዴ? ምን ይሆናል?" ነው። የጠርሙስ ቢራ ብዙውን ጊዜ በ60 ዲግሪ አካባቢ ለደቂቃዎች ይሞቃል፣ ልክ ነው። ያ ግን የሚገድለው ተሕዋስያንን ነው። ኦክሲጅኑን አያስወጣውም። ስለዚህ ያረጀ ቢራ ሆድ አያሳምምም፣ ጤና አይነሳም፤ የመጠቀሚያ ጊዜውም ገና ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ ብቻ ሄዷል። ባለ ግሮሰሪው ጠርሙሱን ገልብጦ "ይኸው እስከዚህ ወር ድረስ ይላል" ሲል ውሸት አልተናገረም፤ ጠጪውም "ይሄ ቢራ የሆነ ነገር ሆኗል" ሲል ውሸት አልተናገረም። ስንት ጠብ አይቻለሁ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ የተጣሉበት!

ከቤታችን የምናውቀው ነገር ነው እኮ። ጠላ የምትጠምቅ እናት ጋኑን ፀሐይ ላይ አታስቀምጥም። ቀዝቃዛ ጥግ ትፈልግለታለች፣ አፉን ታሽገዋለች፣ ጉሹ የሚጠጣበትን ቀን ታውቃለች፣ ካለፈ እንደሚሆመጥጥ ታውቃለች። ያንን ጥንቃቄ ቆርኪ ላለው ጠርሙስ የነፈግነው ፋብሪካ የሠራው ነገር አይለወጥም ብለን ስላመንን ይመስለኛል።

ክርክሩ እንዲህ በአፍ ብቻ እንዳይቀር ብለን ከጓደኞቼ ጋር ቀምሰን ለመለየት ተስማማን። የቢራ ፋብሪካ ቀማሾች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የትኛው ይሻላል ተብሎ አይጠየቅም፤ የትኛው ነው የተለየው ብቻ። በዘፈቀደ የሚገምት ሰው ከሦስት አንዴ ያገኘዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አገኘው ማለት ብዙም አያስደንቅም፤ ብዙ ሰው ደጋግሞ ሲያገኘው ግን ልዩነቱ እውነት ነው። አንድ ዓይነት ቢራ መረጥን፤ ስሙን አልጠራም፣ የማንም ቢራ ሊሆን ይችል ነበርና። የምርት ቀናቸው የተቀራረበ ጠርሙሶች ፈለግን። ግማሹ ጠዋት ከሐረር በማቀዝቀዣ ሳጥን ወረደ። ግማሹ እዚሁ ሳጥኖቹን የከሰዓት ፀሐይ ከሚያገኛቸው ቦታ ተገዛ። ሰዓቱንም መረጥን፤ ከበርጫ በፊት መሆን ነበረበት። ጫት የቆየበት አፍ ደርቆ፣ መራራውን ለምዶ ነው የሚመጣው፤ ለጨብሲ የተከፈተ ቢራ ምንም ይሁን ምን ይጣፍጣል።

የመጀመሪያውን ዙር ከፍሪጅ በረዶ እንደሆነ ቀዳነው። ግምቱ ተበታተነ። ለዓመታት "እኔ ገና ሳሸተው አውቀዋለሁ" ሲል የኖረው ሁሉ ግራ ተጋባ። ከዚያ ከመካከላችን ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ጋሼ አለ (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ የለም፣ አንተ ነው የምንለው)፣ እሱ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። "ጋሼ፣ አንተስ የትኛው ነው ትላለህ?" አልኩት። "ቆይ፣ ላብ ይድረቅለት" አለኝ። ብርጭቆው ላይ ያለውን ጤዛ ማለቱ ነው። ሁላችንም እንደሱ ጠበቅን። ቅዝቃዜው ሲቀንስለት አንዱ ብርጭቆ ከሌሎቹ ተለየ። መዓዛ የለውም፣ መሐሉ ላይ ይጣፍጣል፣ ሲዋጥ ምላስ ላይ ደረቅ ብሎ ይቀራል፤ አሮጌ ደብተር ሲገለጥ የሚመጣውን ሽታ አፍ ውስጥ እንደማግኘት ነው። አብዛኛው ሰው አገኘው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ቅዝቃዜ ጥፋትን እንደሚሸፍን ነው። ድሬ ላይ ቢራ በረዶ ካልሆነ አይጠጣም፣ በሙቀታችን የሚፈረድብንም አይደለም፤ ግን በረዶው ነው ያረጀውን ቢራ የሚያሳልፍልን። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲለግም ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ያኔ ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት ቀማሽ ይሆናል፣ ቢራው የዚያን ዕለት የተበላሸ ይመስለዋል። ጣዕሙ ግን ቀድሞም እዚያው ነበር።

ሁለተኛው ግን ከዚያ በላይ አሳሰበኝ። የተለየውን በትክክል ካገኙት ሰዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ያረጀውን ነው የወደዱት። "ይሄኛው ነው ቢራ! ያኛው ሣር ሣር ይላል" አሉ። ሣር ሣር የሚለው ገና ያልጠፋው ጌሾ ነው። እነዚህ ሰዎች ምላሳቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ልዩነቱን ለይተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ የጠጡት ያንን ስለሆነ ቢራ ማለት ለእነሱ ያ ጣዕም ነው። እንግዲህ ሐረር ወጥቶ "የዛሬው ቢራ ሌላ ነው" የሚለው ድሬ ልጅ ምናልባት ጠማቂው ያሰበውን ቢራ የቀመሰው ያን ቀን ይሆናል። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰዎች ብቅሉን፣ እርሾውን፣ ሙቀቱን በየሰዓቱ ሲከታተሉ ሰንብተው የሠሩትን ሥራ እኛ ጋ ጥቂት የፀሐይ ቀናት ያጠፉታል፣ ስድቡ ግን ወደ ላይ ወደ እነሱ ይሄዳል።

ብርሃን ደግሞ ከሙቀት የተለየ ጣጣ ነው። ከጌሾው የሚመጣው መራራ ነገር ብርሃን ሲያገኘው፣ በቢራው ውስጥ ባለው ቫይታሚን ቢ2 አማካይነት ይሰባበርና ድኝ ያለበት ሽታ ይሠራል፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን አብዛኛውን ይከለክላል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ብዙም አያድኑም። ብርጭቆ ጨርሶ አያድንም። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ እኩለ ቀን ላይ በረንዳ ተቀምጦ አንዱን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ሌላውን ጥላ ሥር ማኖር፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ሁለቱን ማሽተት። ደጅ ላይ ጃምቦ ይዞ ረጅም ወሬ የሚያወራ ሰው ግማሹን የሚጠጣው ሌላ ቢራ ነው። "አንዴ ቀዝቅዞ መልሶ የሞቀ ቢራ ይበላሻል" የሚባለው ግን በራሱ ልክ አይደለም። ቀዝቅዞ መሞቁ ብቻውን አይጎዳውም፤ የሚቆጠረው በሙቀት ያሳለፈው ጠቅላላ ጊዜ ነው።

አንዳንዱ ሰው ጠርሙሱን አይቶ ይፈርዳል። ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለውን ነጭ የፍትጊያ ምልክት አይቶ "አሮጌ ነው፣ ቀይሪልኝ" ይላታል አስተናጋጇን። ያ ምልክት ጠርሙሱ ተመላልሶ ሲታጠብና ሲሞላ ከጓደኞቹ ጋር እየተጋጨ ያመጣው ነው። የጠርሙሱ ዕድሜ እንጂ የቢራው አይደለም፤ በተፋተገ ጠርሙስ የትናንት ቢራ ሊኖር ይችላል። መታየት ያለበት የታተመው ቀን ነው። ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ማስላት ይጠይቃል፣ ቁጥሩም ትንንሽ ነው። ፋብሪካዎቻችንን አንድ ነገር ለምኑ ብባል የምለምነው ይህንን ነው፤ የተመረተበትን ቀን ትልቅ አድርጉልን፣ በእኛም አቆጣጠር ጻፉልን።

ሐኪም ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ የሚጠጡ ጓደኞቼ በዚህ ሁሉ ወሬ ይስቃሉ። የነሱ ቢራ ድሬም ሐረርም ያው ነው ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ጠቆር ያለው የተቆላ ብቅል የእርጅናውን ጣዕም ይሸፍንለታል። ተሸፈነ ማለት የለም ማለት ግን አይደለም። ደግሞ ይህ የአልኮል ጠጪ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። አልኮል የሌለው ሶፊም ከብቅል የተሠራ ነው፣ እዚያው ሳጥን አጠገብ ነው የሚደረደረው፣ ያው ፀሐይ ነው የሚመታው። ለልጅም ለሽማግሌም የሚቀርበው እሱ ነው።

ሳጥኖቿ ደጅ የሚውሉባትን አንዲት ባለ ግሮሰሪ ጠይቄያታለሁ። "እህቴ፣ ለምን ወደ ውስጥ አታስገቢውም?" ስላት፣ ቤቱን አሳየችኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ አራት ጠረጴዛ። "ሳጥኑን ካስገባሁ ሰው የት ይቀመጥ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለበዓል ሰሞን እንዳያልቅባት ብዙ ታስመጣለች፣ በዓሉ ሲያልፍ የተረፈው እዚያው ይከርማል፤ አዲሱ ሲመጣ ከላይ ይደረደራል፣ የሚሸጠውም ከላይ ነው። የታችኛው ሳጥን መቼ እንደሚወጣ እሷም አታውቅም። ሸራ መወጠር ግን ይቻላል ተባባልን። የመጣውን በቅደም ተከተል ማውጣትም ገንዘብ አይጠይቅም። አሁን የታችኞቹን ቀድማ ትሸጣለች፤ ሸራውን ደንበኞቿ አዋጥተን ወጠርንላት።

የድራፍቱ ነገር ግን ገና ነው። ድራፍት ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከበርሜሉ ይልቅ ከቱቦው ነው። ቢራው የሚያልፍበት መስመር በየሁለት ሳምንቱ ለዚሁ በተሠራ ማጠቢያ ኬሚካል መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ባክቴሪያ ይጣበቅበታል፣ ጃምቦው ቅቤ ቅቤ ወይም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ይጀምራል። ብርጭቆውም ይናገራል፤ ውስጡ ግድግዳ ላይ የተጣበቁ አረፋዎች ከታዩ ቅባት አለበት፣ በደንብ የታጠበ ብርጭቆ ግን እየተጠጣ ሲሄድ አረፋውን እንደ ቀለበት እየተወ ይወርዳል። በምናዘወትርበት ቤት ማሽኑን ማን ነው የሚያጥበው ብለን ጠየቅን። አስተናጋጁ አስተዳዳሪውን ጠይቁ አለን። አስተዳዳሪው ማሽኑን ያመጣው አከፋፋይ ነው አለን። አከፋፋዩ ደግሞ ኬሚካሉን እሰጣለሁ፣ ማጠብ የቤቱ ሥራ ነው አለ። አሁን የጠየቅነው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ የታጠበበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ። አስተዳዳሪው አስብበታለሁ ብሏል። እስኪለጥፍ ድረስ እዚያ ቤት ጠርሙስ ነው የምናዘው፣ ቀኑን አይተን።